ከሃያ አስራ ዘጠኝ

ሽቶ የተረጨበት ፕሮግራም አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አሽትቻለሁ። አርባ አንዱን፣ ባንድ ቀን፣ ባንድ ጠረጴዛ ላይ። ያንዱ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል፣ ያንዷ ሎሚ ሎሚ፣ አንደኛው ደግሞ ያባቱን የጢም ሽቶ ገልብጦበት ነው መሰለኝ ወረቀቱ ረጥቦ ተጨማዷል። መስኮቶቹን በሙሉ ከፈትኩ። አልወጣም። ኮምፒውተሮቹ አፍንጫ ቢኖራቸው ኖሮ ቀኑን ሙሉ ያስነጥሱ ነበር።

እኔ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ተማሪዎቹ «ጋሽ ቁልፍ» ይሉኛል። ጠዋት እከፍታለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ከጠረጴዛ ስር የተለጠፈ ማስቲካ በማንኪያ ጀርባ እፍቃለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። አስራ አንድ ዓመት ማስቲካ ስፍቅ፣ ከሱ የባሰ የሚያስጠላ ነገር በዚህ ግቢ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር። ከዚያ የማርክ መስጫ ቅጹ መጣ።

መጀመሪያ ግን ስለሷ ልንገራችሁ።

የኮምፒውተር አስተማሪያችንን ልጆቹ «እስቲ አስነሳው» ነው የሚሏት። ረጅም ቀጭን ሴትዮ ነች፤ መነጽሯ ባንድ በኩል በሽቦ ታስሯል፣ ክረምት ከበጋ ያችኑ ግራጫ ሹራብ ትለብሳለች። ተማሪ ስራውን ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን አትቀበለውም። አጠገቧ ታስቀምጠዋለች፣ ኪቦርዱን ወደሱ ትገፋለታለች፣ «እስቲ አስነሳው» ትለዋለች። ፕሮግራሙ ከሰራ፣ አንዲት መስመር ታጠፋበትና «አሁንስ?» ትላለች። የራሱ ስራ የሆነ ልጅ የጠፋችውን መልሶ ይጽፋታል። የሰው ስራ ይዞ የመጣ ልጅ ጣራ ጣራውን ያያል። ጣራችን ላይ ደግሞ የዝናብ እድፍ እንጂ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም። ይፈሯት ነበር። ግን ሰባት ያመጣ ልጅ ለምን ሰባት እንዳመጣ እያወቀ ነበር ከዚያች ክፍል የሚወጣው።

ይሄን ነገር የወረሰችው ካባቷ ነው። አባቷ ሰዓት ሰሪ ነበሩ። የሰሩትን ሰዓት አንድ ቀን ሙሉ ጆሯቸው ስር አስቀምጠው ሳያዳምጡ ለባለቤቱ አይመልሱም። ደንበኛው «ኧረ ቸኩያለሁ!» ሲላቸው፣ «መቸኮልህን ካወቅክ ሰዓት ምን ያደርግልሃል?» ይሉት ነበር አሉ።

ባልም ነበራት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሊከፍተው ስላሰበው ድርጅት ሲያወራላት ኖረ። ድርጅቱ ስም ነበረው፣ ማህተም ነበረው፣ ምክትል ስራ አስኪያጅ ሁሉ ታስቦለት ነበር። በሰባተኛው ዓመት እሷም «እስቲ አስነሳው» አለችው። ሄደ። ድርጅቱ እስካሁን አልተነሳም። አሁን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ከናቷ ጋር ትኖራለች።

እኔና እሷ የተዋወቅነው በጥፋት ነው። ኮምፒውተሮቹ የመጡ ጊዜ «ይበላሻሉ» ተብሎ ሁለት ዓመት ከነካርቶናቸው መጋዘን ተቀምጠው ነበር። እሷ ያኔ የሂሳብ አስተማሪ ነበረች። አንድ ቅዳሜ መጥታ «ቁልፉን አምጣ» አለችኝ። ሰጠኋት። ሰኞ ሲገባ አስራ ሁለቱም ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ሆነው ይሰሩ ነበር። በዚህ ጥፋት ምክንያት እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ እሷ የኮምፒውተር አስተማሪ ሆነች።

እንግዲህ ዘንድሮ ዳይሬክተራችን የሶስት ቀን ስልጠና ሄደው ቅጽ ይዘው ተመለሱ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፋትም ስራ ይጠይቃል። ቅጹን እሷ ናት ያሳየችኝ።

«አንብበው» አለችኝ።

ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ሞክሬ የተውኩ ሰው ብሆንም ማንበብ እችላለሁ። እንዲህ ይላል፦ ሽፋን አምስት፣ ጥራዝ አራት፣ ንጽህና አራት፣ የቀለም አጠቃቀም ሶስት፣ በሰዓቱ ማስረከብ ሶስት፣ መስራቱ አንድ። ጠቅላላ ሃያ።

«ምንድነው ይሄ?»

«የፕሮግራም ማርክ መስጫ።»

«እኔማ የልብስ ስፌት መስሎኝ!»

አልሳቀችም። ወረቀቱን አጥፋ ቀጥ ብላ ቢሮ ሄደች። እኔም የቢሯቸው አምፖል ተቃጥሎ ነበርና መሰላሌን ይዤ ተከተልኩ። አምፖሉ ከተቃጠለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ እንዲህ ያለ ቀን እየጠበቅኩ ነበር።

«መስራቱ የሚለው ጋ አንድ ማርክ ነው የተጻፈው» አለቻቸው። «ከጎኑ ዜሮ ተረስቶ ነው?»

«የተረሳ የለም» አሉ ዳይሬክተሩ። «ዓላማው ተማሪ ሁሉ በእኩል እንዲመዘን ነው። መስራት አለመስራቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ሽፋን ግን ማንም ያየዋል።»

«እያንዳንዱን አስነስቼ ላሳይዎ እችላለሁ።»

«አርባ ሁለት ልጅ ስታስነሺ ሴሚስተሩ ያልቃል! ደግሞ አምና ስንቱን ነው የጣልሽው? አስራ ዘጠኝ ልጅ! ወላጅ መጥቶ እኔን ነው ኮሌታዬን የሚይዘኝ፣ አንቺን አይደለም። እምቢ ካልሽ ቤተ መጻሕፍት ወንበር አለ።»

ቤተ መጻሕፍታችን ሶስት መደርደሪያና አንዲት ድመት ነው። ካቻምና በእንዲህ ያለ ክርክር ተልካ አንድ ዓመት ከድመቷ ጋር ተቀምጣለች። ቅጹን ይዛ ወጣች። እኔ አምፖሉን አጠበቅኩት። በራ። ቢያንስ አንድ ነገር በዚያ ቢሮ ውስጥ ሰራ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉዳይ ላስገባ። ከክፍሉ አርባ ሁለት ልጆች አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት። እህቴ ካረፈች ጀምሮ እኔው ጋ ነው ያደገችው። ኮምፒውተር ትወዳለች፤ እኔ ለምን እንደምትወደው አይገባኝም፣ እሷ ስታስረዳኝ ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም። በምሳ ሰዓት ክፍሉን እከፍትላት ነበር። ይሄን ዳይሬክተሩ አያውቁም ነበር፣ አሁን አወቁ። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ማሰልጠኛ ከየትምህርት ቤቱ በኮምፒውተር ትምህርት አንደኛ የወጣ አንድ ተማሪ ሁለት ዓመት በነጻ ላስተምር ብሎ ነበር። አንድ ብቻ። ሚጣ ከዚያ ወዲህ ምግብም ስትበላ በጣቷ ጠረጴዛውን እንደ ኪቦርድ ትመታ ጀመር።

በጽሑፍ ፈተናው ከሰማንያ ሰባ ሰባት አመጣች። የምትከተላት የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበሩ ልጅ ስልሳ ስምንት። የቀረውን ሃያ ማርክ የምትይዘው ፕሮጀክቷ ነበረች።

የፕሮጀክቱ ስራ ይሄ ነው፦ የተማሪውን የየትምህርቱን ውጤት ተቀብሎ አማካዩን አስልቶ ደረጃ የሚያወጣ ፕሮግራም። ሚጣ አሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ እየጻፈች፣ እየሰረዘች፣ በምሳ ሰዓት እየሞከረች ሰራችው። ሲያልቅ ወረቀቶቹን በጥቁር ክር ሰፋቻቸው።

«ልጄ፣ ሽፋን ብናደርግለትስ?» አልኳት። «ባለ ኮፒው ጋ በአምስት ደቂቃ ነው።»

«ጋሼ ተወኝ! ይሰራል እኮ።»

«መስራቱ አንድ ማርክ ነው እያልኩሽ!»

«ቅጹ ተሳስቶ ነዋ።»

ባለ ኮፒው ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሰውየው ያለቀለት ፕሮጀክት ያዘጋጃል። ስምህን ትነግረዋለህ፣ የሽፋን ቀለም ትመርጣለህ፣ በቃ። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ለሁሉም አንድ ነው፤ ከስንት ዓመት በፊት ማን እንደጻፈው እሱም አያውቅም። አንዳንዴ ስሙንም መለወጥ ይረሳል። ዘንድሮ አንዱ ልጅ ያስረከበው ፕሮጀክት ላይ ከአራት ዓመት በፊት ጨርሶ የሄደ፣ አሁን ሁለት ልጅ የወለደ ሰውዬ ስም ነበር። እሱም በንጽህና አራት አገኘ።

አርባ አንዱ ልጅ ከዚያው ቤት አስጠርዞ መጣ። የሊቀመንበሩ ልጅ ሽፋንማ ቀይ ከፋይ ነው። ርዕሱ በወርቃማ ፊደል ተጽፎ፣ ሪባን ታስሮ፣ ጥጉ ላይ ቢራቢሮ ተለጥፎበታል። ሙሽራ እንጂ ፕሮግራም አይመስልም።

ማርክ በተሰጠ ቀን ያየሁትን አልረሳውም። ያቺ ሴትዮ አንድም ኮምፒውተር አላስነሳችም። ማስመሪያ ይዛ ጥራዝ ትለካለች! ሽፋን በጣቷ ታሻለች!

«ቲቸር፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማርክ እየሰጠሁ። ይሄ ጥራዝ ጠበቅ ያለ ነው፣ አራት። ይሄ ቀለም… ሐምራዊ ነው። ሶስት።»

«የሚጣስ?»

በክር የተሰፋችውን ገለበጠቻት። «ሽፋን የለም። ጥራዝ የለም። ቀለም የለም። ንጽህና ሁለት፣ በሰዓቱ ሶስት፣ መስራቱ አንድ። ስድስት።»

«ስድስት?!»

«ቅጹ ላይ ስድስት ናት።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬላት ወጣሁ። ከበሩ ስደርስ ግን ተመልሼ አነሳሁት፤ ክፍሉን የምዘጋው እኔ ነኝ፣ በቁጣዬም ቢሆን መዝጋት አለብኝ።

ሚጣ ስድስቷን ስነግራት አላለቀሰችም። ብቻ፣ «ከስድስቷ ውስጥ የመስራቱ አንድ አለችበት?» አለችኝ።

«አለች።»

«የሌሎቹስ ጋ አለች?»

ይሄን አላየሁም ነበር። በነጋታው ጠዋት ክፍሉን ስጠርግ የማርክ ዝርዝሩን ገለጥኩት። አስራ ዘጠኝ፣ አስራ ዘጠኝ፣ አስራ ዘጠኝ፣ እስከታች። አርባ አንድ ጊዜ። እና «መስራቱ» በሚለው ስር ከላይ እስከታች ቀይ ዜሮ ተደርድሯል፤ አንዲት አንድ ብቻ መሀል ላይ አለች። ለካ ሳታስነሳም ውስጡን አንብባዋለች። ከሃያ አስራ ዘጠኝ ያመጣ ሁሉ የጎደለችው ማርክ ያችው ነች። ዳይሬክተሩ ይሄን ወረቀት አይተው ፈርመውበታል። ያዩት ግን የመጨረሻውን ረድፍ ብቻ ነው። በድምር ሚጣ ሰማንያ ሶስት፣ የሊቀመንበሩ ልጅ ሰማንያ ሰባት። አለቀ።

አላለቀም ለካ። ዳይሬክተሩ ደስታቸውን ሊገልጹ ወደ ክፍሉ መጡ። «ይሄ ነው ውጤት! አየሽ? ማንም አልወደቀ፣ ማንም አልጮኸ።»

«ልክ ነዎት» አለች። «እንዲያውም አንድ ሐሳብ ነበረኝ። አንደኛ የወጣውን ፕሮጀክት ለምን ስራ ላይ አናውለውም? የወላጆች ቀን ደርሷል። የትምህርት ቤቱን ሁሉ ውጤት በሊቀመንበሩ ልጅ ፕሮግራም አውጥተን ግድግዳ ላይ እናሳይ። ከማሰልጠኛውም ሰው ይመጣል። አስራ ዘጠኝ ያመጣ ስራ ነው፣ ምን እንጠራጠራለን?»

ዳይሬክተሩ ሊያቅፏት ምንም አልቀራቸውም። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። አስራ አንድ ዓመት ያከበርኳት ሴትዮ ለሊቀመንበር ታሸበሽብ?

«አንቺም?» አልኳት ሰውየው እንደወጡ።

«ለወላጆች ቀን በጊዜ ክፈት» አለችኝ። «ፕሮጀክተሩንም ጥረገው። በደንብ እንዲታይ እፈልጋለሁ።»

የወላጆች ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተሰቅሏል፣ ብስኩት በሳህን ይዞራል። ከማሰልጠኛው የመጣው ሰውዬ ፊት ወንበር ላይ ነው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ብስኩት እየበላ የማይናገር ሰው። እኔ ከጎኑ ቆሜ የፕሮጀክተሩን ገመድ በእጄ ይዣለሁ፤ ካልተያዘ ይጠፋል። ሊቀመንበሩ ከረባት አስረው የልጃቸውን ፕሮጀክት ከፍ አድርገው አሳዩ። ለከፋዩ ብቻ ተጨበጨበ። ልጅቷ ግን አንገቷን ደፍታለች። «ተጫኚው!» አሏት። ተጫነችው።

የመጀመሪያው ስም ወጣ። አማካይ ውጤት፦ መቶ አስራ አምስት።

አሁን ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ።

«የኔ ልጅ ነው! መቶ አስራ አምስት! ሰማችሁ?» አሉ አንዲት እናት ቆመው።

«የኔዋ መቶ ስምንት! እሷስ ብትሆን!»

«አቤት የዘንድሮ ልጆች! እኛ በጊዜያችን መቶን በዓይናችንም አላየናት።»

አንድ አባት ብቻ ተቆጥተው ተነሱ። ነፍስ ያለው ሰው ተገኘ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ «የኔ ልጅ ለምን ዘጠና ስድስት ብቻ? ሰው ሁሉ ከመቶ ሲያልፍ እሱን ምን ነካው? በደል ነው!» አሉ።

ምራቄን ዋጥኩት። አዳራሽ ባይሆን እተፋው ነበር። ዘወር ብዬ አስተማሪዋን አየኋት። ግድግዳው ጥግ ቆማ፣ መነጽሯን በሹራቧ እየጠረገች፣ ፊቷ ልክ እንደኔ ነበር፤ የበሰበሰ ነገር እንደነከሰ ሰው። ይሄኔ ገባኝ። ሴትዮዋ ለማንም አላሸበሸበችም። በሰው ፊት እንዲያፍሩ ነበር ያሰበችው። እነሱ ግን አጨበጨቡ።

ከማሰልጠኛው የመጣው ሰውዬ ብስኩቱን ጨረሰ። እጁን አራገፈና ወደ ዳይሬክተሩ ጠጋ አለ። እኔ ገመዴን ይዤ አጠገባቸው ነኝ።

«ከመቶ ነው አይደል?» አላቸው ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ ከመቶ ነው።»

«እሺ። የተስተካከለ ውጤት ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰኝ ከናንተ ትምህርት ቤት ማንንም አልወስድም።» ተነስቶ ወጣ። ዳይሬክተሩ እያጨበጨቡ ነበር፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

በነጋታው ሁለት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ክፍላችን ገቡ። ከረባታቸው ተጣሟል። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እርሳስ ትቀርጻለች። ሚጣ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ማን እንዳስገባት አትጠይቁኝ።

«ምንድነው የሆነው?» አሉ።

«ባለ ኮፒው ያባዛው ፕሮግራም የተጻፈው ተማሪ ስድስት ትምህርት በሚማርበት ጊዜ ነው። ሰባተኛው ሲመጣ ደመረበት፣ ማካፈሉን ግን ለስድስት እንደሆነ ተወው። ሰባት ትምህርት ደምሮ ለስድስት ያካፍላል።»

«ታዲያ ቀላል ነው! ከሁሉም ላይ አስራ አምስት አስራ አምስት እንቀንስ። ትልቁ መቶ ይሆናል፣ አለቀ።»

«ይቻላል» አለች እርሳሷን እየቀረጸች። «በትክክል ሲሰላ ሃምሳ አራት ያለው ልጅ ግድግዳው ላይ ስልሳ ሶስት ነው የወጣለት። አስራ አምስት ሲቀነስ አርባ ስምንት። ይወድቃል።»

«አንድ ልጅ ከሆነ ምን ችግር አለው?»

«የእርስዎ የወንድም ልጅ ነው።»

ዳይሬክተሩ ተቀመጡ። ወንበሩን ሳላብስላቸው ነው የተቀመጡት።

«በይ እሺ፣ አስተካክይዋ። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

«ማስተካከል ማለት እንዲሰራ ማድረግ ነው» አለች። «በቅጹ መሰረት መስራቱ አንድ ማርክ ነው። ለአንድ ማርክ ብዬ አልደክምም። ከፈለጉ ጥሩ ሽፋን አድርገን እንላከው። ከፋዩ አለ፣ ሪባኑ አለ። በእርስዎ ቅጽ አስራ ዘጠኝ ያመጣል።»

«ትቀልጃለሽ?»

«ሽቶም ይረጭበት?» አልኩ እኔ። ዝም ልል አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማ ነበር። እሷ ናት የሰራችው ሰዓቱን፣ አይቆምም። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እኔን እንዳላዩ ሆኑ።

«ምንድነው የምትፈልጊው?»

ባዶ ወረቀት ገፋችላቸው። «በእጅዎ ይጻፉት። መስራቱ አስራ አምስት። በሰዓቱ ማስረከብ ሶስት። ንጽህና ሁለት። የሁሉም ፕሮጀክት እንደገና ይታያል። ፊርማና ማህተም።»

ጻፉት። ማህተሙን ሮጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ ትምህርት ቤት እንዲያ ሮጬ አላውቅም። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረችና፣ «ሚጣ፣ ያንቺን እስቲ አስነሺው» አለች።

ሚጣ አስነሳችው። የትምህርት ቤቱን ሁሉ ውጤት አስገቡበት። አንደኛው ከመቶ አስራ አምስት ወደ ዘጠና ስምንት ከምናምን ወረደ። የዳይሬክተሩ የወንድም ልጅ ሃምሳ አራት ሆኖ ነፍሱ ተረፈች። ዳይሬክተሩ ስክሪኑን እያዩ፣ «ይሄኛው የማን ነው?» አሉ።

«ስድስት ያመጣችው ልጅ» አለች።

ከዚያ አርባ አንዱ ልጅ በተራ ገባ። አልጮኸችባቸውም። «ፕሮግራማችሁ ውስጥ አንዲት የተሳሳተች ቁጥር አለች። ያገኘ፣ ለምን ስህተት እንደሆነች የነገረኝ፣ ከአስራ አምስቱ አስር አለው» አለቻቸው። ሰላሳው ጣራውን አየ። የዝናብ እድፉን እንደዚያ ቀን ያህል ሰው አጥንቶት አያውቅም። አስራ አንዱ አገኘው። የሊቀመንበሩ ልጅ ሶስተኛ ነበረች። መጀመሪያ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች፤ ከዚያ ብድግ አለች።

«ቲቸር! ለስድስት ለምን ያካፍላል? እኛ እኮ ሰባት ነው የምንማረው!»

«ሰባተኛው ምንድነው?»

«ኮም…» ብላ አቆመች። «ኮምፒውተር።»

ቀድማ የሳቀችው ራሷ ልጅቷ ናት። እየሳቀች እንባዋን ጠረገችና ቀዩን ከፋይ አንስታ ቆሻሻ ቅርጫቴ ውስጥ ጣለችው። አስሯን አገኘች፤ የራሷን አስር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዝርዝሩን ለማሰልጠኛው ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሚጣ ዘጠና ሰባት፣ የሊቀመንበሩ ልጅ ሰማንያ ሶስት። ወፍራሙ ሰውዬ አየው፣ የሚጣን በክር የተሰፋ ፕሮጀክትም ገለጠው፣ ምንም ሳይናገር ስሟን መዝገቡ ላይ ጻፈው። ስወጣ ግን ጠራኝ።

«ይሄን ማርክ የሰጠችው ሴት፣ እዚያ ትምህርት ቤት ምን ትሰራለች?»

«ጥራዝ ትለካለች» አልኩት።

ሚጣ አሁን ማሰልጠኛ ናት። ስትመለስ የምታወራኝ ነገር ከድሮውም የባሰ አይገባኝም፤ አንገቴን ግን በደንብ እነቀንቃለሁ። ሊቀመንበሩ ለአንድ ወር ያህል «መቶ አስራ አምስት ያመጡትን ልጆች ወደ ዘጠና ያወረደች ሴት» እያሉ በየስብሰባው ከሰሷት። የማንንም ልጅ ውጤት ቀንሳ እንደማታውቅ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። አንድ አባት «ታዲያ የኔ ልጅ መቶ ስምንቱ የት ሄደ?» አለኝ። ተውኩት።

አርባ አንዱን ሽፋን እንዳቃጥል ታዘዝኩ፤ አላቃጠልኩም። ከውስጣቸው ያለውን ወረቀት አውጥቼ ጣልኩና ሽፋኖቹን ደራርቤ ኪቦርዶቹ ላይ ለአቧራ መከላከያ አለበስኳቸው። ልክክ ነው ያሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስራ ሰሩ። ሽቶው ብቻ አልለቅ ብሏል፤ ጠዋት በሩን ስከፍት ፊቴን ይመታኛል።

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ዳይሬክተሩ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ቀረና አዲስ የታተመ ቅጽ መጣ። ራሳቸው ናቸው ይዘውላት የመጡት፣ ፈገግ ብለው።

«የተናገርሽውን ሰምተናል» አሏት። «መስራቱን በእጥፍ አሳድገነዋል።»

ተቀብላ አየችው። መስራቱ፣ ሁለት ማርክ። አመሰገነቻቸው። እስኪወጡ ጠበቀች፣ ወረቀቱን በጥንቃቄ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ጎንበስ ብላ የሚነቃነቀው ጠረጴዛ እግር ስር ሸጎጠችው። ከዚያ አንዱን ልጅ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችና ኪቦርዱን ወደሱ ገፋችለት።

እኔ ማንኪያዬን ይዤ ከጠረጴዛው ስር ገባሁ። ማስቲካ ነበር፣ ትኩስ።